የፊት ፍሬን የሌለው መንጃ ፈቃድ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከእምድብር ደወለልኝ። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ፣ «ጋሼ፣ ሞተር ልገዛ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን በየት በኩል ላውጣ?» አለኝ። ለመስቀል መድረስ ይፈልጋል። ነገሩ ይገባኛል። መስቀል ሲመጣ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ አገር ቤት ይገባል። አውቶቡስ አስፋልቱ ላይ ያወረደውን ሰው ከነሻንጣው፣ ለእናቱ ከያዘው ዕቃ ጋር ጭኖ እስከ ደጁ የሚያደርሰው ሞተር ነው። በዚያ ሰሞን ሞተር ያለው ልጅ እንቅልፍ የለውም፤ ይሠራል።

ሁለት ምርጫ ቀርቦለታል። አንዱ ወልቂጤ እየተመላለሰ ማሰልጠኛ ተቋም ገብቶ መማር ነው። የስልጠና ክፍያ አለው፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት አለው፣ ከሥራ የሚቀርበት ቀን አለው። ሌላው ደግሞ «ፎቶህንና መታወቂያህን ብቻ ስጠኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» የሚል ሰው ነው። ሁለተኛውን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። የስልክ ካርድ ስለመግዛት የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

«ወልቂጤ ሂድ» አልኩት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ግን እኮ ጋሼ እኔ መንዳት እችላለሁ፤ ጀፎረ ላይ ተምሬያለሁ።»

ለማያውቅ አንባቢ፦ ጀፎረ በጉራጌ መንደሮች መሀል የሚያልፍ፣ ግራና ቀኙን ቤቶችና እንሰት የያዙት ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሠርግ ያልፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። አጥር ገፍቶ ጀፎረ የሚነካ ሰው ከሽማግሌ ጋር ይጣላል። አሁን አሁን የሞተር ትምህርት ቤትም ሆኗል። ታላቅ ወንድም ታናሹን ከፊት አስቀምጦ ፍሪሲዮን አያያዝ ያሳየዋል፣ ማርሽ ያስቀይረዋል፣ በሦስተኛው ቀን ልጁ ብቻውን ይሄዳል። ሜዳው ለስላሳ ነው፤ ቢወድቅም ልብሱን አራግፎ ይነሳል።

የዛሬው ጉዳዬ ግን ጀፎረው ላይ አብሮ የሚወረስ አንድ ትምህርት ነው፦ «የፊት ፍሬኑን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቃታለሁ፤ ጉልበቴ ላይ ጠባሳ ትታብኛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወልቂጤ ወደ እምድብር ስሄድ መኪና አጥቼ ሞተር ተሳፈርኩ። ጉብሬን አልፈን ጥሩ አስፋልት ላይ እየሄድን ሳለ አንዲት ጥጃ ከመንገዱ ዳር ብድግ ብላ ገባች። ልጁ የኋላ ፍሬኑን በእግሩ ሙሉ ኃይል ረገጠው። የኋላው ጎማ ተቆልፎ እየጮኸ ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረ፤ ሞተሩ ግን አልቆመም። ጥጃዋ ምንም ሳትሆን አለፈች፤ እኛ ቦይ ውስጥ ገባን። ሄልሜት ልጁ ነበረው፤ እኔ አልነበረኝም። ፈጣሪ ጭንቅላቴን ሳር ላይ አሳረፈልኝ እንጂ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ባልኖረ ነበር።

ተነስተን አቧራችንን ስናራግፍ፣ «ለምን የፊቱን አልያዝክም?» አልኩት። በጣም ተገርሞ አየኝ። «ጋሼ፣ እሱማ ይገለብጣል።» መንጃ ፈቃድ እንዳለው ጠየቅኩት። አውጥቶ አሳየኝ። ያውም በደንብ ተምሮ፣ ተፈትኖ ያወጣው ነው። «ስምንት ቁጥሯን በአንድ ጊዜ ነው ያለፍኳት» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ነው ለእህቴ ልጅ በስልክ ለማስረዳት የሞከርኩት። ሞተር ፍሬን ሲያዝበት ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊተኛው ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይነክሳል፣ የኋለኛው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ሲረግጡት ይቆለፍና ይንሸራተታል። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው በቀኝ እጅ ጣቶች ስር ባለችው በፊተኛዋ ፍሬን ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በእያንዳንዱ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ነጂው ደንግጦ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንዷ ሰከንድ አልፋለች። ከዚያ በኋላ በኋላ ፍሬን ብቻ የሚያቆም ሰው ሁለቱን አስማምቶ ከሚይዘው ሰው ይልቅ እጥፍ ገደማ መንገድ ያስፈልገዋል። ጥጃዋ ያንን እጥፍ አትሰጥም። ሕፃን ልጅም አይሰጥም።

እዚህ ላይ የጀፎረ መምህራንን መውቀስ አልፈልግም። ምክራቸው በበቀለበት ቦታ ልክ ነው። እርጥብ ሣር ላይ፣ የክረምት ጭቃ ላይ፣ ልቅ ኮረኮንች ላይ የፊት ፍሬንን ጨምድዶ የያዘ ሰው ወዲያው ይወድቃል። ችግሩ ለሣር የተነገረው ምክር ሣሩ ካለቀ በኋላም አብሮ አስፋልት መውጣቱ ነው። ሁለቱን መሬት ለይቶ የሚያስተምር ደግሞ ወንድም ሳይሆን አሰልጣኝ ነው፤ መሆን ነበረበት ማለቴ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ሃሪ ኸርት የተባሉ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ አካባቢ አደጋው እንደደረሰ ቦታው ድረስ እየሄዱ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ውስጥ 92 ከመቶው ወይ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይ ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። በአደጋው ቅጽበት በብዛት የታየው ስህተት ምን ይመስላችኋል? የኋላውን ፍሬን አለቅጥ ረግጦ ማንሸራተት፣ የፊቱን ደግሞ በበቂ አለመያዝ። የሎስ አንጀለሱም ልጅ ያው የእኔ ሞተረኛ ነው።

«ስልጠና ብቻውን ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው አለ፤ ሙግቱ ባዶ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ሞተር ስልጠና የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ የገመገመ ሥራ ስልጠና አደጋ ይቀንሳል ብሎ አፉን ሞልቶ ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። እኔ ከዚህ የምወስደው ስልጠና ይቅር የሚለውን አይደለም። ስልጠና የሚባል ነገር ሁሉ እኩል አይደለም፤ ምን እንደሚሠለጠንበት መጠየቅ አለበት።

እኛ ምን እናሠለጥናለን? ስምንት ቁጥር። ስምንት ቁጥርን አልንቅም። ፍሪሲዮንን በግማሽ ይዞ፣ ሚዛን ጠብቆ፣ እግር ሳያወርዱ መዞር ክህሎት ነው። ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የፊት ጎማው ላይ ተክሎ ስለሚዞር ነው፤ ቀና ብሎ ወደሚሄድበት ቢያይ ሞተሩ ዓይኑን ይከተላል። ግን ስምንት ቁጥር ላይ ሰው አይሞትም። እርምጃ በሚያህል ፍጥነት የሚደረግ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተር ተፈታኝ በዝግ ሜዳ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደርሶ ምልክት ሲሰጠው በድንገት እንዲቆም ይታዘዛል። ጎማው ተንሸራቶ ከእጁ ከወጣ ይወድቃል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ጥቂት ኮንና አንድ ፈታኝ ነው። የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ሐሳቡ ነው።

የአገራችን ሕግ ቃሉን ጥሩ አድርጎ መርጧል። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው የሚለው። ተቋሙ ያሠለጥናል፣ የመንግሥት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይፈትናል። እንግዲህ የሚረጋገጠው ብቃት ከሆነ፣ ማቆም የማይችል ሰው ምኑ ተረጋገጠለት? የክልላችንና የዞናችን የትራንስፖርት ኃላፊዎች ይህን ጥያቄ ቢመልሱልን ደስ ይለኛል። ድንገተኛ ማቆምን ፈተናው ውስጥ አስገቡ፤ ፈተናው ውስጥ ከገባ ተቋማቱ ሳይወዱ በግዳቸው ያስተምሩታል። ፈተና ውስጥ የሌለ ነገር በእኛ አገር አይጠናም፤ ይህን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እናውቀዋለን።

አንዳንዱ መፍትሔው ሞተሩን መቀነስ ነው ይል ይሆናል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ከልክላ፣ ለተወሰኑት ብቻ ፈቅዳለች። የዚያ ምክንያቱ በዋናነት ወንጀል ነበር፤ ከተማዋም ታክሲ፣ አውቶቡስና ባቡር አላት። ቸሃ ውስጥ ግን ከቀበሌ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወጣት ሞተር ነው። ቡናውን፣ ቆጮውን፣ አስተማሪውን፣ የግብርና ባለሙያውን የሚያመላልሰው ሞተር ነው። በ1950ዎቹ አባቶቻችን ገንዘብ አዋጥተው፣ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ብለው ተደራጅተው ወደዚህ አገር መንገድ ያስገቡት ሰው እንዲሄድበት ነው። ሞተርን ከእምድብር ማውጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ገንዘብ ሰጥቶ ካርድ የሚቀበለውን መንገድ እንዲተወው ያሳመንኩት በሕግ አይደለም። «ሰው ብትገጭ ካሳውን ማን ይከፍላል?» ነው ያልኩት። ዝም አለ። በእኛ አገር ያንን ለመመለስ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዘመድ ሁሉ ያዋጣል፣ እናቱ ሁለት ላሞቿን ትሸጣለች። እሱም ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ ምርጫው ገባን። ጓደኞቹ ተቋም የሚመርጡት «የት ቶሎ ያልቃል፣ የት ይቀላል» ብለው ነው። እኔ ግን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ግቢው ገብቶ መለማመጃ ሞተሩን እንዲያይ ነገርኩት። የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ሞተሩን ወደ ፊት ይግፋው፤ ጎማው ከዞረ ፍሬን የለውም ማለት ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ያየሁት የአንድ ተቋም መለማመጃ ሞተር የፊት ፍሬን ሽቦው ተበጥሶ ተንጠልጥሎ ነበር። አሰልጣኙን ብጠይቀው፣ «ለስምንት ቁጥር አያስፈልግም» አለኝ። አልዋሸም። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ሰው ጭኖ የሚያለማምድ እንደሆነ ነው። የእህቴ ልጅ ሞተሩን የሚገዛው ሰው ሊጭንበት ነው፤ ከኋላ አንድ ሰውና አንድ ጆንያ ሲጨመር ግን ሞተሩ ሌላ ሞተር ነው። ሽቅብ ሲነሳ ይከብዳል፣ ቁልቁል ሲወርድ አይቆምም። ይህንን የመጀመሪያ ቀን ከደንበኛ ጋር መማር ነውር ነው።

ለጽሑፍ ፈተናው፣ በቴሌግራም የሚዞረውን ጥያቄና መልስ ይዞ ቁጥር መሸምደድ እንዳይጀምር ለምኜዋለሁ። ምልክቱ በእምድብር ጎዳና ላይ ብዙ ላይተከል ይችላል፤ ቅድሚያ የማን እንደሆነ የሚያሳውቀው ሕግ ግን ምልክት በሌለበት ጊዜ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ስለ ሄልሜቱ ተከራከርን። «ለራሴማ እገዛለሁ» አለ። ለተሳፋሪውስ? «ማን ያደርግልኛል ጋሼ፣ ሴቶቹ ጸጉራቸው ይበላሻል፤ ሽማግሌዎቹ ይስቁብኛል።» በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የበርካታ ጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ኪጋሊ ላይ ሞተር ታክሲው ሁለተኛ ሄልሜት ይዞ ነው የሚዞረው፤ ተሳፋሪው ሳያጠልቅ አይነሳም። ይህን ብነግረው «ኪጋሊ እንደ እኛ ጭቃ የለም» አለኝ። ጭቃውና ሄልሜቱ ምን እንዳገናኛቸው እስካሁን አልገባኝም።

ለማንኛውም ባለፈው ሰኞ ወልቂጤ ሄዶ ተመዝግቧል። ማታ ደወለ። ግቢው ውስጥ ሦስት ሞተሮች ነበሩ፤ እንዳልኩት እየጨበጠ ገፋቸው። የሁለቱ ጎማ ዞረ። ሦስተኛውን፣ አሮጌውን አፓቺ፣ «እኔ በዚህ ነው የምማረው» ብሎ ያዘው። አሰልጣኙ ስቆ፣ «ይኼን እስከዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለው አሉ፤ ከዚያ ግን ማሳሰሪያ ቁልፍ አስመጥቶ የሌሎቹን የፍሬን ሽቦ መወጠር ጀመረ። ልጁ አሁን በሎሚ ነው የሚለማመደው፤ ቤት ቁጭ ብሎ በቀኝ እጁ ቀስ እያደረገ ይጨምቃል። የመስቀሉ ሥራ እንዳያመልጠው ፈርቷል። ሁለተኛውን ሄልሜት ለመግዛት ግን እስካሁን እሺ አላለኝም።