ልጆቻችን የሚሐፍዙበትን የድምፅ ፋይል መርምረነዋልን?



በቅርቡ አንድ አባት ሚሞሪ ካርድ ይዘው መጥተው ሁለት ነገር አጫወቱን። አንደኛው፣ ለልጃቸው ያስገለበጡት ቁርኣን በስልካቸው ላይ ሲሰማ፣ ቤት ባለችው ትንሽ ስፒከር ላይ ግን አልከፈት ማለቱ ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ልጅቷ ሱረቱል ከውሰርን ከዚያው ካርድ ሰምታ ሐፈዘችና መድረሳ ሄዳ ስትቀራ፣ በመጀመሪያው አያ መጨረሻ ላይ ያለውን ሳእ ሲን አድርጋ አነበበችው። ኡስታዟ ቢያርሟትም «የሰማሁት እንዲህ ነው» አለች። ካርዱን በኮምፒውተር ስንመረምረው ልጅቷ እውነቷን ሆኖ አገኘነው። የሁለቱም ችግር መነሻ ደግሞ አንድ ቁጥር ነበር።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። በሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በየሰከንዱ 1,411 ኪሎቢት ያህል ቦታ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደረጃው የወጣለት ኤምፒስሪ፣ ጆሮ ብዙም የማይለየውን እየተወ ይህን ወደ 128 ወይም 64 ኪሎቢት ያወርደዋል። ይህ መጠን ቢትሬት ይባላል። ሌላው ቁጥር ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚነግረን ሲሆን በኪሎኸርዝ ይጻፋል። አንድ ቅጂ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ድምፅ የዚህን ቁጥር ግማሽ ብቻ ነው። በዚያ ካርድ ላይ ያሉት ፋይሎች በ8 ኪሎኸርዝ የተቀዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ተቆርጧል። ሲንን ከሳእ የሚለየው ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። በአማርኛችን ሳእን የሚተካ ድምፅ ስለሌለ ልጁ ያለው ረዳት ጆሮው ብቻ ነው። ያንንም ፋይሉ ነፈገው ማለት ነው።

ስፒከሯስ ለምን እምቢ አለች? ዓለም አቀፉ የኤምፒስሪ ደረጃ የሚያውቀው 32፣ 44.1 እና 48 ኪሎኸርዝን፣ በኋላም የተጨመሩትን 16፣ 22.05 እና 24ን ነው። 8 ኪሎኸርዝ ከደረጃው ውጭ በተጨማሪነት የመጣ በመሆኑ አንዳንድ ማጫወቻዎች አያውቁትም።

እንግዲህ ወላጆች ፋይል ከማስገልበጣቸው በፊት እነዚህን ቢያረጋግጡ መልካም ነው። ቪኤልሲ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ የኮዴክ መረጃ የሚለውን መመልከት ይቻላል። ሚዲያኢንፎ የተባለውም ፕሮግራም ዝርዝሩን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳያል።

1. ዓይነቱ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ስም ምስክር አይሆንም። በዋትሳፕና በቴሌግራም የሚላኩ የድምፅ መልእክቶች ኦፐስ በተባለ ሌላ ዘዴ የታመቁ ናቸው። ስማቸውን ወደ ኤምፒስሪ መለወጥ ውስጣቸውን አይለውጠውም።

2. ኪሎኸርዙ። ለሂፍዝ 44.1 የሆነውን እንምረጥ።

3. ቢትሬቱ። ለአንድ ቃሪእ ድምፅ በአንድ ቻናል 64፣ በሁለት ቻናል 128 ይበቃል። በ64 ኪሎቢት አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ 30 ሰዓት የሚፈጅ ቲላዋ እንኳ 1 ጊጋባይት አይሞላም። ቦታ ለመቆጠብ ብለን ጥራቱን የምንጎዳበት ምክንያት የለም።

4. ሙሉነቱ። 114ቱ ሱራዎች መኖራቸውን እንቁጠር። የረጃጅሞቹንም መጨረሻ እንስማ፤ ሱረቱል በቀራህ 286ኛው አያ ላይ ሳይደርስ የሚቋረጥ ፋይል ሊኖር ይችላል።

5. ማጫወቻው። ሁሉንም ከመገልበጥ በፊት አንዲት አጭር ሱራ ገልብጦ ልጁ በሚሰማበት መሣሪያ ላይ መሞከር ድካም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። የተቆረጠን ድምፅ በፕሮግራም ወደ 44.1 ኪሎኸርዝና ወደ 320 ኪሎቢት ቢለውጡት ቁጥሩ ያምራል እንጂ የጠፋው አይመለስም። እንዲያውም በታመቀ ላይ እንደገና ማመቅ ሌላ ጉዳት ይጨምርበታል። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው። በሱረቱል ከውሰር ያለውን ሳእና በሱረቱ ናስ ያለውን ሲን አከታትለን እንስማ። ካልተለዩን ፋይሉን ትተን ወደ ዋናው ቅጂ እንመለስ።

ብዙዎቻችን ቁርኣን ለወዳጅ የምናስተላልፈው አጅር ፈልገን ነው። ኒያው መልካም ነው። ነገር ግን ዑለማዎቻችን አንድን ሐዲስ ለመቀበል ከማን ለማን እንደተላለፈ ስንት እንደደከሙ እያወቅን፣ የአላህን ቃል ሳናዳምጥና ሳናጣራ ከእጅ ወደ እጅ መወርወር አይገባንም።

የአባትየውን ካርድ አጥፍተን ከጥሩ ቅጂ ሞላነው። ስፒከሯም ወዲያው ከፈተችው። ልጅቷ ግን የለመደችውን ሲን ለመተው ሳምንታት ፈጀባት። ከኡስታዟ አፍ እያየች፣ የምላሷን ጫፍ በጥርሶቿ መካከል ማድረግን ተምራ ነው የታረመችው። ቁርኣን ከአፍ ወደ አፍ የደረሰን አማና ነውና ማሽን ረዳት እንጂ መምህር ሊሆን አይችልም። ረዳቱንም ቢሆን መርምረን እንቅጠረው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ቃሉን አስተካክለው ከሚያነቡትና ከሚሠሩበት ያድርግልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።