ጣት ሲወጋ፦ እጠቡት፣ ጻፉት



በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ጣት የሚወጋ ነገር ሞልቷል፦ የአምባዛና የቆሮሶ እሾህ፣ መንጠቆ፣ የወዳደቀ ሚስማር፣ የአጥር እሾህ። ደሙ ቶሎ ይቆማል፣ እኛም እንረሳዋለን። እኔ ግን ይህችን ትንሽ ቀዳዳ አልንቃትም። ሰፊ ቁስል ለዓይን ይታያል፣ ለማጠብም ይመቻል። የተወጋ ጣት ግን ጀርሙን ከውስጥ አስቀርቶ ከላይ ይዘጋል። የጣት ጅማትና መገጣጠሚያ ደግሞ ከቆዳው ብዙም አይርቁም።

መጀመሪያ ቀለበት አውልቁ። በሚፈስ ንጹሕ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡ፤ በሐይቁ ውሃ አይሁን። ጫፉ የሚታይ እሾህ በንጹሕ መቆንጠጫ ይወጣል። ጠልቆ የተሰበረውን ግን በመርፌ አትቆፍሩ። ቡና፣ አመድ ወይም ቤንዚን አታድርጉ፤ ጣቱንም በክር አትሰሩት።

ከዚያ ጻፉ። ዋናው መልእክቴ ይህ ነው። መቼ ተወጋ? በምን? የትኛው ጣት? የመጨረሻው የቴታነስ ክትባት መቼ ነበር? ፎቶ አንሱ። ቅላት ካለ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ አክብቡና ሰዓቱን ጻፉ፤ ቅላቱ መስመሩን ካለፈ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ሂዱ። ቁስሉ ከዓሣ ወይም ከሐይቅ ውሃ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የመድኃኒት ምርጫውን ሊቀይር ይችላል።

ከጤና ተቋም ስትወጡም የተሰጣችሁን መርፌ ስምና ቀን በወረቀት ጠይቁ። ብዙ ሰው "መርፌ ተወግቻለሁ" ይላል። የማስታገሻ ይሁን የአንቲባዮቲክ ወይስ የቴታነስ ክትባት፣ ወረቀት ከሌለ ማንም አያውቅም።

"ለአንድ እሾህ ይህ ሁሉ?" ትሉ ይሆናል። ቴታነስ፣ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ ቀዳዳዋ ድናለች። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ በ2017 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል፤ ጀርሙ ግን ዛሬም በአፈርና በእበት ውስጥ አለ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ። አባቶችስ? ቆሻሻ ወይም ጥልቅ ቁስል ላይ፣ ክትባቱን ያሟላ ሰው እንኳ ከመጨረሻው 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ያላሟላ ወይም የማያስታውስ ከክትባቱ ሌላ ፀረ መርዝ መርፌም ሊያስፈልገው ይችላል።

በዚያው ቀን ወደ ሕክምና የሚያስሮጡ ምልክቶች፦
- ጣቱ ከጫፍ እስከ ሥሩ ማበጡ
- እንደታጠፈ መቅረቱ፣ ሲያቃኑት ክፉኛ ማመሙ
- በመዳፍ በኩል ጣቱን ሲጫኑት ማመሙ
- ትኩሳት፣ መግል ወይም መደንዘዝ

እነዚህ በጅማቱ ሽፋን ውስጥ ኢንፌክሽን መኖሩን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ከዘገየ ጣቱ እንደ ቀድሞው ላይታጠፍ ይችላል። የወጋው ያገለገለ ሲሪንጅ ከሆነ ደግሞ ምልክት አትጠብቁ። የኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል።

ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ፈልጉና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የራሳችሁንም። ለሌሎች ወላጆች አጋሩ።