ሥራ ከመልቀቅ በፊት ማመልከቻ ጸሐፊውን ማየት

የባንክ ወይም የኩባንያ ወንበሩን ትቶ «ከእንግዲህ በብዕሬ ነው የምኖረው» የሚል ሰው ሲገጥመን የምንለካው በድፍረቱ ነው። ግማሾቻችን ጀግና እንለዋለን፤ ግማሾቻችን «ምን ነካው?» ብለን ከንፈር እንመጥለታለን። ሁለቱም ወገን ዋናውን ጥያቄ ሳይነካው ያልፋል፦ ይህ ሰው የሚጽፈውን ማን ይገዛዋል? ገንዘቡንስ መቼ ይሰጠዋል? መልሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም ውስጥ ጉንደ ወይን ይሁን፣ ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ በፍርድ ቤትና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚጠብቅ ማመልከቻ ጸሐፊ አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፣ አለቃም የለውም። ዛሬ በፍሪላንስ እጽፋለሁ የሚለው ወጣት የሚመኘውን ኑሮ እሱ ማንም ሳያጨበጭብለት ሲኖረው ቆይቷል።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በድንበር የተጣሉ ሽማግሌ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በርጩማው ላይ አረፍ ይሉና ነገሩን ከአያታቸው ዘመን ይጀምሩለታል። ጸሐፊው ጥቂት ያዳምጥና «አባቴ፣ መሬቱን የያዙብዎት መቼ ነው? ምስክርስ አለዎት?» ብሎ ያቋርጣቸዋል። የሦስት ትውልዱ ታሪክ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ልክ ተቆርጦ ይወጣል፦ የፍርድ ቤቱ ስም ከላይ፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደተፈጠረ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ ከግርጌ ማረጋገጫ። (ሕጉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመበት ዓመት። ከሁለቱ የትኛው ብዙ ጸሐፊ እንዳበላ መገመት አይከብድም።) ዋጋው በገጽ ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም ብዕሩ ወረቀት ከመንካቱ በፊት ነው። ባለጉዳዩ ፊት ለፊቱ አሉ፤ ወረቀቱን የሚፈልጉት ዛሬ ነው፤ ካላገኙት መሬቱ ሊሄድባቸው ይችላል።

ለጋዜጣና ለመጽሔት በግሉ የሚጽፈው ሰው ከዚህ አንዱም የለውም። መጀመሪያ ይጽፋል፣ ቀጥሎ ይልካል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ክፍያውም የማስታወቂያ ገንዘብ እስኪገባ ይቆያል። መጽሐፍ ልጻፍ ያለ እንደሆነ ብዙ ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ከኪሱ ከፍሎ፣ ቅጂውን ለአከፋፋይ በኮሚሽን ሰጥቶ፣ ስንቱ እንደተሸጠ በስልክ ሲጠይቅ ይከርማል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባው ወረቀትም አብሮ ወጣ፤ የገጽ ቁጥር መቀነስና የጸሐፊ ክፍያ ማዘግየት ለአሳታሚ ቀላሉ ማምለጫ ሆነ። ሥራውን የለቀቀው ሰው በበኩሉ ወርኃዊ ደመወዙን ብቻ አይደለም የሚያጣው። አሠሪው 11 በመቶ፣ እሱ 7 በመቶ የሚያዋጡለት ጡረታ ይቆማል፤ የባንክ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ በአነስተኛ ወለድ የወሰደው የቤት ብድር ጉዳይ ይነሳበታል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳያወጣ ለድርጅት ከጻፈም፣ የገቢ ግብር ሕጉ ከክፍያው ከፍ ያለ ድርሻ እንዲያዝበት ያዛል።

እዚህ ላይ ታላላቆቹን ደራሲዎች ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው አይጠፋም። ምስክርነታቸው ግን ወደ ሌላ ነው የሚያዘነብለው። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ የልብ ወለዳቸውን የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰዎችም ዲማ ላይ አኑረዋቸዋል። መጽሐፉን ያሳተሙት ግን አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው በመንግሥት ደመወዝ በኖሩበት ዘመን ነው። «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልም ዣት» ከሥራ ከተገለሉ በኋላ፣ በ1974 እና በ1980 መጡ። ከእሳቸው በፊትም ቢሆን በዲማ፣ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም ቅኔ የቆጠረው ተማሪ ኮሮጆውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሰጠው የመንደሩ ሰው ነው። ቅኔው አልተሸጠም፤ ባለቅኔው ግን በልቷል። የዚያ አካባቢ ገበሬ ለቃል ሥራ ከጤፉ ሲቆርስ መኖሩን ስናስብ፣ ጽሑፍ ገበያ ላይ ብቻውን ቆሞ ራሱን ያኖራል የሚለው ሐሳብ ለእኛ ምን ያህል አዲስ እንደሆነ ይገባናል።

ጠንካራው ተቃውሞ ደመወዝ አፍ ይዘጋል የሚለው ነው፤ የበዓሉ ግርማም ስም ወዲያው ይነሳል። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳለ «ኦሮማይ» በ1975 ታተመ፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ ታሪክ ደመወዝ ከፋዩ መንግሥት ሲሆን ምን ሊከተል እንደሚችል ያሳያል። ደመወዝ አለመኖሩ ግን ለበዓሉ ከለላ ይሆነው ነበር ወይ? አይመስለኝም፤ የከፋበት ሥልጣን ደመወዝተኛውንም ነፃውንም የሚደርስበት ነበር። የዛሬው ፍሪላንስ ጸሐፊ ደግሞ አንድ አለቃ ትቶ ብዙ አለቆች ይገዛል። የእርዳታ ድርጅት የስኬት ታሪክ እንዲጽፍለት ያዘዋል፤ ኩባንያ የዓመት ሪፖርቱን እንዲያስውብለት ይጠራዋል፤ ባለሀብት የሕይወት ታሪኩን ያስጽፈዋል። ለቤት ኪራይ የሚደርሰው ገንዘብ ባብዛኛው ከእነዚህ ነው የሚመጣው፤ አንዳቸውም ቢሆኑ የሚነቀፉበትን አንቀጽ አይገዙም። ደመወዙን የያዘ ሰው ቢያንስ የማይከፈልበትን ጽሑፍ ያለ ጭንቀት መጻፍ ይችላል።

ጊዜ ማነሱን ግን አልክድም። ከማለዳ እስከ ማታ ቅርንጫፍ ውስጥ ሒሳብ ሲያመሳክር የዋለ ሰው ማታ የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው፤ በዚህ በኩል ለቃቂዎቹ እውነት አላቸው። ኢንተርኔቱስ? ለውጭ ደንበኛ በእንግሊዝኛ ጽፎ የሚከፈለው ሰው አለ፤ ነገር ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ጉንደ ወይን ተቀምጦ የጽሑፍ ቀጠሮ ማክበር የማይታሰብ ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር በዚያው ገበያ ርካሹን ሥራ መውሰድ ከጀመረም ሰነባብቷል። ስለዚህ መልቀቅ ለሚያስብ ሰው የምመክረው አሠራር ቀዝቃዛ ነው፦ ቀጣሪው ከተስማማ በግማሽ ቀን መጀመር፣ አስቀድሞ የሚከፍሉ ቋሚ ደንበኞችን መያዝ፣ ከጽሑፍ የተገኘው ገቢ የወር ወጪን ለተከታታይ ወራት መሸፈኑን ካዩ በኋላ ማመልከቻ ማስገባት።

የቀረው የአሳታሚዎች ፋንታ ነው፤ ይህን ዓምድ የሚያትሙትንም ይጨምራል። በግሉ የሚጽፍ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም፤ የሚጠብቀው ውል ብቻ ነው፤ ውሉ ደግሞ ከአንድ ገጽ ሊያንስ ይችላል። የጽሑፉ ርዝመት፣ ዋጋው፣ የክፍያው ቀን፣ ጽሑፉ ባይወጣ የሚከፈለው ድርሻ ከሠፈሩበት ይበቃል። አዘጋጆች ገንዘብ የለም ይላሉ፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የቢሮ ኪራዩ ግን በቀኑ ይከፈላል፤ ማተሚያ ቤቱም ቅድሚያውን ሳይቀበል ማሽን አያስነሳላቸውም።