ልጆቻችንን «ዝም በሉ» ስንል ምን እያስተማርናቸው ነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ወላጆች ደጋግመው አንድ ነገር ያነሱብኛል። «መምህር፣ ልጆቹ ታሪክ የሚማሩት ከቲክቶክ ሆነ፤ ብር እንዴት እንደሚመጣ አያውቁም፤ ስለ መብት ስታወራቸው ደግሞ ወላጅ መናቅ ይመስላቸዋል። ትምህርት ቤቱ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ትምህርት ቤት ድርሻ አለው፣ አልክድም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚያው ነው። ነገር ግን ነጻነት፣ ኢኮኖሚና ታሪክ መጀመሪያ የሚሰጡት እቤት ነው። እናስተምር ብለን ባንነሳም እንኳ እያስተማርን ነው።

በምን? በተረትና ምሳሌያችን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ስንል ልጁ ስለ ሕግና ስለ ሥልጣን ተማረ። «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ስንስቅ ስለ መንግሥት ገንዘብ ተማረ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ስንል ደግሞ የራሱ ሐሳብ ዋጋ እንደሌለው ተማረ። ተረቶቹን እንጣላቸው አልልም፤ የአባቶች ቅርስ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ገዢን ለማሽሟጠጥ የተባሉ ይመስለኛል። ብቻ ተናግረን አንለፋቸው። «እውነት ነው ወይ? ማን ይሆን ይህንን ያለው? ለማንስ ይጠቅማል?» ብለን ልጁን እንጠይቀው። ከዚህ የተሻለ የሥነ ዜጋ ትምህርት አላውቅም።

እኔ የምለው፣ ሦስቱ ትምህርቶች አንድ ትምህርት ናቸው። ይህንን ለማሳየት ደግሞ ከዋግ የተሻለ ቦታ የለም።

በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰውን ረሃብ አስቡት። ያኔ ዋግ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበረ። አማርትያ ሴን የሚባል የሕንድ ኢኮኖሚስት አለ፤ በልጅነቱ የቤንጋልን ረሃብ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የእኛን የወሎን ረሃብ መርምሮ ብዙ ሰው ያልጠበቀውን ነገር አሳየ። በአገር ደረጃ የምርቱ ቅናሽ ያን ያህል አልነበረም፤ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚታሰበው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። ታዲያ ሰው ለምን አለቀ? ማሳው የከዳው ገበሬ የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። እህል መኖሩና ሰው እህል ማግኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ ለልጅ ይከብዳል የሚል ካለ፣ እኔ በተወለድኩበት በኒሯቅ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይገባዋል። ዝናብ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ፍየሉን ይዞ በአንድ ቀን ገበያ ይወጣል። ሻጭ በዛ፤ ፍየሏም ከስታለች። ማሽላ የያዘ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ለምሳሌ በደህናው ጊዜ ሁለት ፍየል አንድ ኩንታል የሚገዛ ከሆነ፣ በክፉው ጊዜ አምስትም ላይበቃ ይችላል። ልጁን «ፍየሎቻችን ቁጥራቸው ሳይቀንስ እንዴት ደሃ ሆንን?» ብላችሁ ጠይቁት። የገበያን ምሥጢር ራሱ ያወጣዋል።

ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይምጣ፤ «ሰው እየሞተ መንግሥት ለምን ዝም አለ?» እዚህ ላይ ነው ነጻነት የሚገባው። የ1966ቱን ረሃብ የንጉሡ መንግሥት ሸሽጎት ነበር፤ ዓለም ያየው አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በፊልም ካሳየው በኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሆነ። መስከረም ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በድምቀት ሲከበር፣ የእኛ ሰው በእግሩ ወደ ኮረም እየተጓዘ ነበር። ጥቅምት ላይ ቢቢሲ የኮረምን ሜዳ ባያሳይ ኖሮ ስንት ጊዜ ተሸፍኖ ይቆይ እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው። ሴን በኋላ ላይ ያለውም ይህንኑ ነው፤ ነጻ ፕሬስና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ ደርሶ አያውቅም። ለምን ቢባል፣ ጩኸቱ ቶሎ ይሰማል፣ ያልሰማውም ሹም ወንበሩን ያጣል። እንግዲህ ነጻነት የጠገበ ሰው ወሬ አይደለም፤ «ራበኝ» ብሎ መናገር መቻል ነው።

ሆኖም ነጻነት ብቻውን ሁሉን ይፈታል ብለን ልጆቹን አንዋሻቸው። ሴን ራሱ ሕንድ ከነጻነቷ በኋላ እንደ ቤንጋሉ ያለ ረሃብ ባይደርስባትም፣ ዝም ብሎ የሚገድለውን የዕለት ተዕለት የምግብ እጥረት ግን አላስወገደችም ብሎ ወቅሷል። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ልጆቻችሁን «ለምን በሰቆጣ ስም ተጠራ?» በሏቸው። የከተማችን ስም የተጠራበትን ቃል ኪዳን መከታተል የእነሱም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ታሪክ። ቲክቶክ ላይ ያለው ታሪክ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ጀግናና ባንዳ። የዋግ ቤት ግን ከዚህ የበለጠ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለብዙው ኢትዮጵያዊ የአንድነት አባት ናቸው፤ በዋግ ግን ዋግሹም ገብረ መድኅንን የገደሉ ንጉሥም ናቸው። የገብረ መድኅን ልጅ ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፣ በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሲሞቱ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ባለቤታቸው ማን ነበረች? ድንቅነሽ ምርጫ፣ የደጃዝማች ካሣ ምርጫ እኅት። በ1863 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ አጠገብ ድል አድርገው የማረኩት፣ በኋላም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው የነገሡት፣ እኚሁ የሚስታቸው ወንድም ናቸው።

እስኪ ይህንን ለልጆቻችሁ ከነገራችሁ በኋላ «ድንቅነሽ ያን ቀን ለማን ታልቅስ? ለባሏ ወይስ ለወንድሟ?» በሏቸው። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ይህ ጥያቄ ለእኛ ተረት አይደለም። የአበርገሌ ቤተሰብ ተፈናቅሎ በሰቆጣ ዙሪያ ተጠልሎ ነበር፤ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ዓመታት አልፈዋል። የደረሰብንን በደል ለልጆች መንገር አለብን፤ የተበደለ ሰው ታሪኩን የመናገር መብት አለው። ነገር ግን በደሉን የፈጸመውን ሰውና አብሮን ተከዜን የሚጠጣውን፣ የተጋባነውን፣ በአንድ ገበያ የተገበያየነውን ሕዝብ ለይተው እንዲያውቁ ማድረግም የእኛው ሥራ ነው። ይህንን ስልክ አያስተምርልንም። ስልክ የሚያስተምረው ቂሙን ብቻ ነው።

ኢኮኖሚውስ? ባንክ ቤት መውሰድ አያስፈልግም። ሰቆጣ በድሮ ዘመን ስመ ጥር የጨው ገበያ ነበረች። አሞሌው ከአፋር በረሃ በግመልና በአጋሰስ እየተጫነ ይመጣል፤ ሲበሉት ምግብ፣ ሲገበያዩበት ገንዘብ ነው። ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። ለምን? መንገዱ፣ ኬላው፣ ሽፍታው፣ የእንስሳው ድካም ሁሉ ዋጋ ላይ ይጨመራል። ልጁ ይህ ከገባው፣ ዛሬ መንገድ ሲዘጋ ዘይት ለምን እንደሚወደድ ማንም ሳይነግረው ይረዳል፤ ነጋዴን ሁሉ ሌባ ከማለትም ይድናል።

ነሐሴ 16 ሻደይ ሲመጣ ሴት ልጆቻችን ወገባቸው ላይ ቄጠማውን አስረው በየቤቱ እየጨፈሩ ያገኙትን ስጦታ ይካፈላሉ አይደል? እንዴት እንደተካፈሉት ጠይቋቸው። እኩል ነው? ትንሿስ ስንት ደረሳት? የተከፋችስ ለማን ተናገረች? ይህ ግብር ነው፣ በጀት ነው፣ ፍትሕ ነው። «ልጅ የገንዘብ ወሬ አይስማ» የሚለውንም ብንተወው መልካም ነው። የወሩን ገቢና ወጪ በጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ «ዘንድሮ ጫማ ወይስ ደብተር?» ብላችሁ አማክሩት። ወጪውን ያየ ልጅ መጠየቁን ባይተውም ሲጠይቅ አስቦ ነው።

«ይህ ሁሉ ልጅ መረን ይለቃል» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጅ ለምን ብሎ መጠየቁና ወላጁን መናቁ አንድ አይደሉም። ልጅ በትሕትና ይጠይቅ፣ ወላጅ ምክንያቱን ይንገር፣ ውሳኔው የወላጅ ይሁን። በቃ።

ደሞ ዝምታችን ከየት እንደመጣ አልረሳውም። በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ቃል ያመለጠው ልጅ ቤተሰቡን ሊያስፈጅ ይችል ነበር። እናቶቻችን «ዝም በል» ያሉን ሊያተርፉን ነው፤ አትርፈውናልም። ዛሬም ውጭ ሁሉ ቦታ አፍ አይከፈትም። እንግዲያው ቢያንስ ቤት ውስጥ ይከፈት። ቤቱ «ለምን» ማለት ያልቻለ ልጅ አደባባይ ወጥቶ ወይ ያጨበጭባል ወይ ድንጋይ ይወረውራል፤ ሦስተኛውን መንገድ ማን አሳየው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ቡና ሲፈላ፣ ስልኩ ይቀመጥና ልጁ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። አያት ካሉ እሳቸው ይመልሱ፤ በኽምጣናም ይሁን በአማርኛ፣ በሚቀናቸው። በተለይ 66ን እና 77ን በዓይናቸው ያዩ አያቶች በየዓመቱ እየቀነሱብን ነው። የተፈናቀለ ቤተሰብ ቤቱን፣ መጽሐፉን፣ ፎቶውን አጥቷል፤ የቀረው አያቱ የሚያስታውሱት ነው። ልጁ ይጠይቃቸው፣ ይጻፈውም።

እናንተስ? እቤታችሁ የቱ ተረት ላይ ተከራከራችሁ? ልጆቻችሁ የጠየቋችሁን፣ እናንተም መልሱ የጠፋችሁን ጥያቄ ከታች ጻፉልኝ። አብረን እንፈልገዋለን።

ቸር ያሰማን።