ዕዳ ከሜዳ

የዛሬውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የምሳችሁን ሒሳብ ስትከፍሉ ባለ አምስት ዶላሩን ተመልከቱት፤ አብርሃም ሊንከን ነው። ፕሬዚዳንትነቱን የማያውቅ የለም፤ ከዚያ በፊት ግን የከሰረ ባለሱቅ እንደነበር የሚያነሣው ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1831 ኒው ሴለም ወደምትባል የኢሊኖይ መንደር ሲገባ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። መጀመሪያ በሰው ሱቅ ተቀጠረ። ቀጥሎ ከባልንጀራው ከዊሊያም ቤሪ ጋር ሽርክና ገብቶ ሱቅ ከነዕቃው በዱቤ ገዙ። ገበያው ግን አልቀናም፤ ሱቁ ተዘጋ። በጥር 1835 ደግሞ ቤሪ ሞተ። በሽርክና የአንዱ ዕዳ የሌላውም ነውና 1,100 ዶላር ገደማ በሊንከን ጫንቃ ላይ ወደቀ። እኛ ዕዳ ከሜዳ የምንለው ይኸን ነው። እሱስ «ብሔራዊ ዕዳ» እያለ ይቀልድበት ነበር ይባላል።

አንድ አበዳሪ ከሶ አስፈረደበትና ፈረሱና የመሬት መቀየሻ መሣሪያዎቹ በሐራጅ ተሸጡ። ጀምስ ሾርት የተባለ ወዳጁ ገዝቶ መለሰለት። በ1834 ለኢሊኖይ ምክር ቤት ሲመረጥም ደህና ልብስ የሚገዛበት ስላልነበረው 200 ዶላር ተበድሮ ነው የሄደው። በምክር ቤቱ እስከ 1842 አራት ጊዜ ተመርጦ አገልግሏል።

በዚያ ዘመን የከሰረ ነጋዴ አገር ለቆ ቢጠፋ የሚያገኘው አልነበረም። ሊንከን ግን እዚያው ሆኖ ጥቂት በጥቂት ከፈለ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ1848 ገደማ፣ ዋሽንግተን የኮንግሬስ አባል ሆኖ ሳለ ነው ይባላል።

ከባልንጀራችሁ ጋር ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ለመክፈት ያሰባችሁ ሆይ፣ «ወንድሜ ነው፣ ውል ምን ያደርጋል?» አትበሉ። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ አንዱ ቢወጣ ወይም ቢሞት ዕዳውን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ በጽሑፍ አድርጉት። ዛሬ የንግዱ ዕዳ ወደ ግል ንብረት እንዳይሻገር የሚከላከል የኩባንያ ዓይነት አለ፤ በግላችሁ ዋስ ሆናችሁ ከፈረማችሁ ግን እሱም አያድናችሁም። ጠበቃ ጠይቁ፤ ከፊርማ በፊት መጠየቅ ከፍርድ ቤት ይረክሳል።