መጻሕፍት ቤታችን ድምፅ ይኑረው



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ብዙ ያነጋገረን ጉዳይ የመጻሕፍት ቤታችን ጉዳይ እንደነበር የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ያልተገኛችሁም ወሬው ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልጆች መጽሐፍና ተረት ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ፕሮግራም በንባብ ክፍሉ ይጀመር የሚል ሐሳብ ቀረበ። ገሚሱ ደገፈ። ገሚሱ ደግሞ መጻሕፍት ቤት የጸጥታ ቦታ ነው፤ ለፈተና የሚያጠኑ ልጆቻችን በጫጫታ ይታወኩብናል ብሎ ተቃወመ። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ ኧረ ሰው በማይሞላው አዳራሽ ለምን እንጣላለን፣ ለስብሰባና ለድግስ እየተከራየ ገቢ ያስገባ አሉ። ሰዓቱም መሸ፣ ስብሰባውም ሳይወስን ተበተነ።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ከዚያ በፊት እኛ የዚህ ሰሌዳ አዘጋጆች አቋማችንን ሳንሸፋፍን መግለጽ ይገባናል። በኛ እምነት ፕሮግራሙ መጀመር አለበት። አዳራሹም መከራየት የለበትም። የሚያጠኑት ልጆችም መታወክ የለባቸውም። ሦስቱም አንድ ላይ ይቻላል እንላለን። ምክንያታችንን ከሥሩ እንዘርዝር።

እንደሚታወቀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ የነበርን ሰዎች እንረሳውም። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጎን ተቀምጦ ሀሁ አለ። እናቶች ልጅ አዝለው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሙ። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። አገራችንም በ1972 ዓ.ም. መጨረሻ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀበለች። ፊደል የለየው ሕዝብ የሚያነበው እንዲያገኝ ተብሎም በየገበሬ ማኅበሩና በየቀበሌው የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? የሚነበብ ነገር አጠረ። የንባብ ክፍሎቹም ብዙዎቹ ተቆለፉ። ፊደል የለየው ሕዝብ የሚያነበው ሲያጣ ከፊሉ ያወቀውን መልሶ ረሳ። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዚሁ ሰፈር ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናት በዚያ ዘመን ተምረው የተሰጣቸውን የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ባለፈው ስብሰባ ማግሥት አውጥተው ሲያሳዩን በላዩ የተጻፈውን እኛው እንድናነብላቸው ጠየቁን። ስማቸውን ብቻ ለይተው በጣታቸው አሳዩን። ያነበቡት የነበረው ሲጠፋ ንባቡም አብሮ እንደጠፋባቸው ነገሩን። እኛም አፈርን፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የርሳቸው አይደለም። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልታረሰበት ይዝጋል። አስተምረን ተውናቸው እንጂ እርሳቸው አልተውትም።

ይህን ያነሳነው የትናንትን ለመውቀስ አይደለም። ያው ነገር ዛሬ በልጆቻችን ላይ እየደረሰ ስለሆነ ነው። ቆጥረን እንየው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከጎረቤታችን ከጋይንት ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። በመካከሉ ስንት ወር ተማረ? ስንት ወርስ ከብት ጠበቀ? ያቺ ትንሽ እኅቱስ ፊደል ቆጥራ ሳትጨርስ ስንት ጊዜ ተቋረጠባት? ቁመቱን አይተን አድጓል እንላለን፤ መጽሐፍ ስንሰጠው ግን እየተንገዳገደ ነው የሚያነበው። እኚያ እናት ከአርባ ዓመት በኋላ የደረሱበት ላይ ልጆቻችን ገና በአሥር ዓመታቸው እንዳይደርሱ እንሰጋለን።

ስለ ፈተና የሚጨነቁ ወላጆች ይህን ጉዳይ ከፈተናው ለይተው እንዳያዩት እንለምናለን። በአገር አቀፍ ደረጃ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው። አንዱ ግን ከታች የሚጀምር ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል አቀላጥፎ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ሁሉ ዳገት ይሆንበታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ጸጥ ያለ አዳራሽ ብንሰጠው ምን ያደርግለታል? ጸጥታው የሚጠቅመው ማንበብ ለሚችል ነው። ስለዚህ የእሑዱ ድምፅ የነገው የጸጥታ ተጠቃሚ የሚፈራበት ነው።

ደግሞስ ንባብ በአገራችን ከመቼ ወዲህ ነው ዝምታ የሆነው? የቆሎ ተማሪ የተማረው ጮክ ብሎ፣ ከጓደኛው ጋር እየተቀባበለ ነው። ጎረቤታችን ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ የቅድስት ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው የዙር አባ አገር ነው። ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪ ከየአገሩ እየመጣ ዓመታት ተቀምጧል። ያን ሁሉ ተማሪ ያኖረው የአካባቢው ገበሬ ቁራሽ ነበር። ቁራሹን የሰጠው ሰው ራሱ ድጓ አይቆጥርም፤ ነገር ግን ትምህርቱ የሱም ነበር። ዛሬ ከኛ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓትና አንድ ቁልፍ ነው።

በዘመናዊውም መንገድ ቢሆን የሠሩ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ መጻሕፍት ቤት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ ሕፃናት መጻሕፍት ቤትን ከፈቱ። የከፈቱትም በራሳቸው መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ነው። ሕንፃ እስኪሠራ አልጠበቁም። በኋላም በሐዋሳ መጽሐፍ በጋሪ ተጭኖ በአህያ እየተጎተተ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረጉ። ከኛው ዞንም ብንነሳ የፎገራው አውራምባ ማኅበረሰብ በመንደሩ ውስጥ የራሱ መጻሕፍት ቤት አለው። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ፈጅቷል፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። ከጉና ግርጌ ያለ ልጅ ግን እዚያ ድረስ ሄዶ ሊያነብ አይችልም። ለሱ አብርሆቱ ይቺው የኛዋ ክፍል ናት።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። ከዚህ በፊት ማኅበራችን የመጽሐፍ ቀን ብሎ አንድ ዝግጅት አድርጎ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፤ ንግግር ተደረገ፤ ቡና ተፈላ፤ ፎቶግራፍ ተነሳን። ልጆቹን ግን ከኋላ አስቀምጠን ዝም በሉ ስንላቸው ዋልን። አንድም ልጅ መጽሐፍ በእጁ ሳይነካ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ክፍሉ ተቆለፈ። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ለማወቅ እንኳን ሳምንት ፈጀብን። ይህ የኛ የአዘጋጆቹ ጥፋት ነው፤ በማንም አናላክክም። ከዚህ የተማርነው ዝግጅት ማለት የአንድ ቀን ሆይ ሆይታ አለመሆኑን ነው። ትንሽም ቢሆን ሳይቋረጥ በየሳምንቱ የሚደረግ ነገር ይበልጣል።

በመሆኑም ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን፤

አንደኛ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የንባብ ክፍሉ ጮክ ብሎ የሚነበብበት ይሁን። የቀረው ቀንና ሰዓት በሙሉ እንደ ድሮው የጸጥታ ይሁን። የፈተና ወር ሲደርስ የእሑዱ ፕሮግራም ወደ ደጃፉ ጥላ ይወጣል፤ ክረምት ከሆነም አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል። የሚያጠኑት ልጆች ቅሬታ ተገቢ ስለሆነ ሰዓቱን ከነሱ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ የልጆች መጽሐፍ እጥረት እንዳለብን የታወቀ ነው። ይህን ግን እኛው ልናቃልለው እንችላለን። በየሳምንቱ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት የሚያውቁትን ተረት ለልጆቹ ይንገሩ። ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል አንድ ተማሪ ተረቱን በትልቅ ወረቀት፣ በጉልህ ፊደል ይጻፈው። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡት። ተረቱን አስቀድመው በጆሯቸው ስለሰሙት ንባቡ ይቀላቸዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ወረቀቶቹ ተሰፍተው የሰፈራችን መጽሐፍ ይሆናሉ። የእስቴ ተረት ደግሞ ሞልቶ ተርፏል፤ የሚጽፈው አጣ እንጂ።

ሦስተኛ፤ በገበያ ቀን ጠዋት አንድ አንባቢ በመጻሕፍት ቤቱ በር ላይ ይቀመጥ። ከገጠር የሚመጣው ወገናችን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን፣ የሐኪም ወረቀቱን፣ ከሩቅ ልጁ የተላከለትን ደብዳቤ ይዞ የሚያነብለት ሲፈልግ እናያለን። አንዳንዱም ለማንበቢያ ገንዘብ ይጠየቃል። ይህ በነፃ ይደረግለት። ነገር ግን አንባቢው የሚያነበው ለባለቤቱ ጆሮ ብቻ ነው፤ የሰው ምስጢር የሰፈር ወሬ እንዳይሆን ጥብቅ አደራ አለበት። ሥራውም ማንበብ ብቻ ነው፤ ምክርና ክርክር ውስጥ አይገባም።

አራተኛ፤ ፊደል የረሱ ትልልቅ ሰዎች እሑድ ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ። ማንም እንዳያፍር። የልጅ ልጁን አጅቦ የመጣ አያት ምክንያቱን ለማንም መንገር የለበትም፤ ተረት ሊሰማ መጥቷል በቃ።

አምስተኛ፤ ቁልፉ ሁለት ይሁን። አንዱ ከመጻሕፍት ቤቱ ሠራተኛ ዘንድ፣ ሌላው ማኅበሩ በተራ ከሚመድበው ሰው ዘንድ ይቀመጥ። የባለተራው ስም በየወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። እሑድ በሩ ተዘግቶ ልጆች ደጅ ከቆሙ ማንን እንደምንጠይቅ እንወቅ።

አዳራሹ ይከራይ ላላችሁት ወንድሞችና እኅቶች አንድ ቃል አለን። ገንዘብ ያስፈልጋል ማለታችሁ እውነት ነው። ጣራው ያፈሳል፣ ወረቀትም በነፃ አይገኝም። ነገር ግን ከድግስ የተመለሰ አግዳሚ ወንበር ምን እንደሚመስል የዕድራችን ዕቃ ቤት ይመስክር። የመጽሐፍ መደርደሪያም ለድግስ ቦታ ይልቀቅ ተብሎ አንድ ጊዜ ከተነሳ ተመልሶ ለመቆሙ ማን ዋስ ይሆናል? ከዚህ ይልቅ ወረቀትና እርሳስ የሚችል ወረቀትና እርሳስ፣ ቆርቆሮ መምታት የሚችል ጉልበቱን፣ ማንበብ የሚችል ድምፁን ያዋጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

መንገዱ አስተማማኝ በማይሆንበት ቀንስ የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። መልሳችን ቀላል ነው። በዚያን ቀን ፕሮግራሙ አይኖርም፤ ማንም ልጁን ለአደጋ አይልክም። ሰዓቱንም ገና በጠራራ ፀሐይ እንዲያልቅ ያደረግነው ለዚሁ ነው። ሲረጋጋ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ እንቀጥላለን። ተቋርጦ መቀጠልን ከለመድን የተቋረጠው ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

ለማጠቃለል፣ እኚያ እናት የምስክር ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወደ ሳጥናቸው ከመመለሳቸው በፊት ፕሮግራሙ ከተጀመረ እንድንጠራቸው ነግረውናል። እንጠራቸዋለን ብለን ቃል ሰጥተናል። ይህን ቃል ማክበር ወይም ማጠፍ ግን በኛ በአዘጋጆቹ እጅ ሳይሆን በሚቀጥለው ስብሰባ በሚወጣው የናንተ እጅ ነው። ስለሆነም ነዋሪው በሙሉ በስብሰባው እንዲገኝ፣ የተቃወመም ተቃውሞውን ይዞ እንዲመጣ፣ በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆቻቸው እንዲናገሩላቸው ሳይጠብቁ ራሳቸው መጥተው እንዲናገሩ በጥብቅ እናሳስባለን።

ማሳሰቢያ፤ እሑድ ለማንበብ ወይም ተረት ለመንገር የምትፈልጉ ከዚህ በታች በተለጠፈው ባዶ ወረቀት ላይ ስማችሁን ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ በአጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩት፤ ይጽፍላችኋል።