ጫካ አይጸዳም

«ቦታው ጸድቷል፤ ሥራ ልንጀምር ነው።» ከከተማ ወጣ ብሎ ዛፍ መሐል የእንጨት ቤት፣ ሎጅ ወይም የቅዳሜና እሑድ ማረፊያ የሚሠራ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይናገራት አይቀርም። ጸድቷል ማለት ምን ማለት ነው? ትናንት እዚያ ጥድ ነበረ፣ ወይራ ነበረ፣ ከሥራቸው ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ደግሞ ለዓመታት የረገፈ ቅጠል በስብሶ የሠራው ጥቁር አፈር። ዛሬ ዶዘር የገፋው ቀይ መሬት ነው ያለው። አያቶቻችን ለዚህ ሥራ የራሱ ቃል ነበራቸው፤ ምንጣሮ። ጨካኝ ቃል ነው፣ ግን አይዋሽም። የመነጠረ ሰው መመንጠሩን ያውቃል። ያጸዳ ሰው ግን ቆሻሻ ያነሣ ይመስለዋል።

ጠቤ ከእንጨት ቤት ጋር አይደለም። በዛፍ መሐል መኖር ያማረውን ሰውም አልወቅስም፤ ከተማው እንዴት እንደሚያንገሸግሽ ሁላችንም እናውቃለን። ጠቤ ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው፤ ዛፍ ፈልገን እንሄዳለን፣ ስንደርስ መጀመሪያ የምናደርገው ዛፉን መጣል ነው።

ምኞቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ በረዶ መሐል ብቻውን ዛፍ ይጥላል፣ ግንዱን ይልጣል፣ ጫፉን ይጠርባል፣ አንዱን በአንዱ ላይ ይደረድራል፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ አልቆ ጭስ ይጨሳል። ያምራል፣ አልክድም፤ እኔም እስከ መጨረሻው ነው የማየው። ግን ሰውዬው ያለው የት ነው? ግንድ በአግድም እየደረደሩ ቤት መሥራት የፊንላንድ፣ የስዊድን፣ የሩሲያ ሰዎች ጥበብ ነው፤ ቀጥ ያለ ፓይንና ስፕሩስ አገር ምድሩን የሸፈነበት አካባቢ ጥበብ።

እስቲ ወደ እኛ እናምጣውና እንቁጠረው። 5 በ6 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ትሁን። ዙሪያዋ 22 ሜትር ነው። ግድግዳው 2 ሜትር ተኩል እንዲደርስ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በ10 ረድፍ ይደረደራል። 220 ሜትር ግንድ በሉት። ለበርና ለመስኮት የሚቀነሰውን ጣሪያው መልሶ ይበላዋል። የእኛ ጥድ እዚህ ውፍረት ላይ ለመድረስ አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። ያችኑ ክፍል በቋሚና በማገር፣ በጭቃና በጭድ ብትሠሯት ግን ቀጫጭን አጣና ይበቃታል። አጣና ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥድ እንዲህ አያደርግም።

እንዲያው ታሪክ ካነሣን አይቀር፣ አዲስ አበባ ራሷ የዚሁ ችግር ልጅ ናት። ከተማዋ በ1879 ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ የዙሪያዋ ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን የምንረግምበት ብዙ ምክንያት አለን፣ ልክም ነን። ለግንድ ቤት የሚሆን ጥድ የሚያስቆርጥ ሰው ግን ባሕር ዛፍን የመርገም መብት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ። ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚለካው በቤቱ ስፋት ነው። «30 ካሬ እኮ ናት፣ ምን ትጎዳለች?» ይላል። ቤቷስ ምንም አትል። የምትጎዳው መንገዷ ናት። ከዋናው መንገድ እስከ በሯ 150 ሜትር ቢሆንና 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ቢጠረግ 600 ካሬ ሜትር ነው፤ የቤቷን ሃያ እጥፍ። መኪና ማዞሪያው፣ አሸዋና ድንጋይ መቆለያው ገና አልተቆጠረም። ዶዘር ደግሞ በሰዓት ነው የሚከራየው። ከመጣ አይቀር ያችንም ጥግ ይግፋት፣ ይቺንም ጉብታ ይደልድላት ይባላል። ለአንድ መኝታ ቤት ተብሎ የኳስ ሜዳ የሚያህል ቦታ የሚራቆተው በክፋት አይደለም፤ የተከፈለበት ሰዓት እንዳይባክን ነው።

ከዚያ ሐምሌ ይገባል። ተዳፋት ላይ የተቆረጠ መንገድ የዝናብ ውኃ ሰብስቦ እንደ ቦይ ቁልቁል ይለቀዋል። ቅጠልና ሥር ይዞት የነበረው አፈር አብሮ ይሄዳል። የሚሄደው ደግሞ ከታች ያለው ገበሬ ማሳ ላይ ነው፣ ወይም ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱባት ምንጭ ውስጥ። ባለ ሎጁ ያን ጊዜ ከተማ ነው፤ ክረምት ላይ እንግዳ የለማ።

«ትልልቆቹን ዛፎች ትተናቸዋል» የሚለው መልስ የሚያረካቸው ሰዎች አሉ። ዛፍ ግን ግንዱ ብቻ አይደለም። ምግብና ውኃ የሚስበው ሥሩ በአብዛኛው ከላይኛው የአፈር ንጣፍ ብዙም አይወርድም፤ ወደ ጎን ሲዘረጋ ግን ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ከባድ መኪና ሲመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ አየር ያጣል። ግንዱ ሥር አፈር ሲከመርበትም ያው ነው። ዛፉ ዛሬ አይሞትም። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል፣ «በሽታ ገባበት» ይባላል፣ ይቆረጣል። ጎረቤቶቹ ከነፋስ ሲከልሉት ያደገ ዛፍ ብቻውን ሲቀርም አደገኛ ነው፤ የመጀመሪያው ከባድ ንፋስ ጣሪያችሁ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል።

ታዲያ ምን ይሁን? መጀመሪያ አንድ ክረምት ጠብቁ። አዎ፣ አንድ ሙሉ ክረምት። የቤቱን ማዕዘኖች ችካል ትከሉባቸውና ሲባጎ ወጥሩ፣ ከዚያ በዝናብ ሰዓት ሂዱና ቁሙ። ውኃው በየት ይመጣል? የት ይተኛል? ጉድጓድ ቆፍሩና ውኃ ሙሉበት፤ በማግስቱም ካልሰረገ መሬቱ ይቅርባችሁ እያላችሁ ነው። አፈሩ መረሬ ከሆነ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይንቀሳቀሳል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ከአንድ መጥፎ ጫማ በቀር የሚወጣ ወጪ የለም።

ቦታው ተዳፋት ከሆነ መሬቱን አትደልድሉ፤ ቋሚዎቹን አስረዝሙ፣ አሳጥሩ። እያንዳንዱን ቋሚ ለብቻው በተገነባ የድንጋይ መሠረት ላይ ካሳረፋችሁት ውኃው ከሥር ያልፋል፣ እንጨቱም አፈር ስለማይነካ ምስጥ በቀላሉ አያገኘውም። ዛፍ መሐል ቀድሞ የተራቆተ ቦታ አይጠፋም፤ የድሮ ማሳ፣ የግጦሽ መስክ፣ ባሕር ዛፍ የተነሣለት ጥግ። ቤቱ እዚያ ዳር ላይ ይቁም፣ መስኮቱ ወደ ጫካው ይዙር። ጎንደርና ጎጃም ገጠር ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ከሩቅ አይታችሁ ከሆነ በእርሻ ተከበው አረንጓዴ ሆነው የቀሩት እነሱ ናቸው። ዛፉን እንደ ልብሳቸው የሚያዩ ካህናት አሉ። እኛ ገና ከመድረሳችን ልብሱን እናስወልቀዋለን።

«መሬቴ ነው፣ ምን አገባህ?» የሚል ይኖራል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ከታች ያለው ገበሬ ያገባዋል። «በአንዱ ፋንታ አሥር ችግኝ እተክላለሁ» የሚለውም አለ። ይትከል፣ ጥሩ ነው። ግን የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም፤ የጸደቀውም የቆረጠውን ዛፍ የሚያህለው ቆራጩ ካረጀ በኋላ ነው።

ከሁሉም የማይዋጥልኝ «ለአካባቢው ወጣት የሥራ ዕድል ፈጥረናል» የሚለው ነው። ዶዘሩ አንድ ኦፕሬተር ይዞ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከከተማ። መንገዱ ቀርቶ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ዱካ ብቻ ቢኖር አጣናው በሰው ትከሻ፣ አሸዋው በአህያ ይገባል፣ ድንጋዩን የሚጠርበው የሠፈሩ ግንበኛ ይሆናል። ሥራው ይረዝማል። ለዶዘር ሊከፈል የነበረው ብር ግን እዚያው መንደር ይቀራል፣ እንግዳም መኪናውን ዋናው መንገድ ዳር አቁሞ 150 ሜትር በእግሩ ይገባል። ጫካ ሊያይ የመጣ ሰው 150 ሜትር መራመድ ካልቻለ ምን ሊያደርግ መጣ?